ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚሄድ ሰው ስለሚመርጠው ማደሪያና ስለ እንግዳ ዕዳ

ቀድሞ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ይቈጥር የነበረ፥ ዛሬ ግን በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ሥራ ይዞ የሚኖር አንድ ልጅ ባለፈው ክረምት ደብዳቤ ላከልኝ። እናቱ በመስከረም ከጎጃም ወደ እርሱ ዘንድ ስለሚመጡ ዐሥር ቀን ዕረፍት ወስዶ በግሪክ ደሴቶች ሊያዞራቸው አስቧል። ከደብዳቤውም ጋራ የጕዞውን ሰሌዳ አያይዞ ሰደደልኝ። ሚኮኖስ፥ ፓሮስ፥ ናክሶስ፥ ሳንቶሪኒ፥ ቆስ፥ ፍጥሞ፥ ሮዶስ፤ በዐሥር ቀን ሰባት ደሴት። በየደሴቱም ሁለትና ሦስት ማደሪያ መርጦ ዋጋቸውን በጐን በጐናቸው ጽፎ ነበርና፥ «የኔታ፥ ከእነዚህ የትኛው ይሻላል ይላሉ? ከባሕሩ ዳር እንደር ወይስ ከተራራው መንደር?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ስለ ሆቴል ምን ዐውቃለሁ ብዬ ነገሩን ልተወው ነበር። ነገር ግን ሰሌዳውን ደግሜ ባየው፥ እናቱ ከዚያ ሁሉ ደሴት ስሙን የሚያውቁትና ባየሁት ብለው የሚመኙት አንዱን ብቻ፥ ይኸውም ወንጌላዊው ዮሐንስ በስደት ተቀምጦ ራእይ ያየበትን ፍጥሞን ሆኖ ሳለ፥ ለፍጥሞ የተሰጠው ጊዜ ከአንዱ መርከብ ወርዶ በሌላው መርከብ እስኪሳፈሩ ድረስ አራት ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ማደሪያም አልተመረጠለትም። «ምነው?» ብዬ ብጠይቀው፥ «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከጓዳ ወጥታ አታውቅም፤ ዳግመኛ ይህን ዕድል ታገኝ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ሁሉን በአንድ ጊዜ ላሳያት ብዬ ነው» ሲል መለሰልኝ። መልሱ ከፍቅር የወጣ ስለ ሆነ ልገሥጸው አልቻልሁም። ይሁን እንጂ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣምና ያሰብሁትን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማካፈል ወደድሁ። ዓመታቱን የምጠራው በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሜ ስለ ደሴቶቹ ጥቂት ልናገር። በግሪክ ግዛት ያሉት ደሴቶችና ትንንሽ የባሕር ዐለቶች ሁሉ ቢቈጠሩ 6,000 ያህል ናቸው ይባላል፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን 227 ናቸው። እነዚህም በየወገን በየወገን የተከፈሉ ናቸው። ሚኮኖስ፥ ፓሮስ፥ ናክሶስና ሳንቶሪኒ ኪክላዴስ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ሮዶስ፥ ቆስና ፍጥሞ ደግሞ ወደ ምሥራቅ፥ በታናሽ እስያ ጠረፍ አንጻር ከተዘረጋው ከዶዴካኔዝ ወገን ናቸው። በእነርሱ በጋ፥ ማለት በእኛ ክረምት፥ በአንዱ ወገን ውስጥ ከደሴት ወደ ደሴት መሻገር ቀላል ነው። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መዝለል ግን ሌላ ነገር ነው፤ መርከቡ በየቀኑ አይገኝም፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ አቴና ወደብ ወደ ፒሬዎስ ተመልሶ እንደ ገና መነሣት ያስፈልጋል። ደግሞም በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነፍስ ሜልቴሚ የሚሉት ብርቱ ነፋስ አለ። እርሱ በተነሣ ጊዜ ፈጣኖቹ ትንንሽ መርከቦች ከወደብ እንዳይወጡ ይከለከላሉ፤ ሲበረታም ታላላቆቹ ይቆማሉ። ስለዚህ በዐሥር ቀን ሰባት ደሴት አያለሁ ያለ ሰው የሚያየው ሰባት ወደብ ነው። ዕቃ ያሥራል፥ ዕቃ ይፈታል፥ በፀሓይ ቆሞ መርከብ ይጠብቃል። ሰባ ዓመት የሞላቸው እናትም ጕልበታቸውን ይዘው በመርከብ ደረጃ ይወጣሉ፥ ይወርዳሉ።

በዚህ ባሕር ከደሴት ወደ ደሴት ስለ መሄድ የሐዋርያትን ሥራ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ቅዱስ ጳውሎስ በሚጢሊኒ አድሮ፥ በኪዩ አንጻር አልፎ፥ ወደ ሳሞን ደርሶ፥ ኋላም በቆስና በሩድ አድርጎ ሄዷል። ይህ ዝርዝር ከተማሪዬ ሰሌዳ ጋራ በእጅጉ ይመሳሰላል። ነገር ግን ሐዋርያው ለበዓለ ጰንጠቆስጤ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ይቸኵል ነበር እንጂ ደሴት ለማየት አልወጣም። ከዚሁ መጽሐፍ ስለ ማደሪያ ምርጫ የሚነገረው ሌላው ታሪክ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ በቀርጤስ ደሴት መልካም ወደብ ከሚሉት ስፍራ ደረሰ። ጳውሎስ ከዚህ ብንወጣ ጥፋት ይሆናል ብሎ መከረ፤ የሚበዙት ግን ስፍራው ለመክረም አይመችም፥ ከዚያው ደሴት ፍንቄ የምትባል የተሻለች ወደብ አለች አሉ። ለስላሳ የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ጊዜም ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው። ወዲያው አውራቂስ የሚባለው ዐውሎ ወረደባቸውና ለብዙ ቀን በባሕር ሲንገላቱ ሰንብተው መርከቡ ተሰበረ፤ በውስጡ የነበሩት 276 ነፍስ ግን ሁሉም ዳኑ። ከመርከብ ስብራት ወጥተው ያረፉበት ደሴት ማንም ያልመረጠው መላጥያ ነበረ። የአገሩም ሰዎች በዝናብና በብርድ እሳት አንድደው ተቀበሏቸው፤ በዚያም ሦስት ወር ተቀመጡ።

ይህን የጠቀስሁት የማይመች ወደብ ምረጡ ለማለት አይደለም። የተሻለው ማደሪያ ሁልጊዜ ቀጥሎ ያለው መስሎ መታየቱ የቈየ ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። ዛሬ በስልክ መስታወት ላይ የቤቶችን ሥዕል እያገላበጠ የሚያመሽ ሰው ለስላሳው የደቡብ ነፋስ እንደ ነፈሰለት ነው፤ አንዱን ቤት መርጦ ሳያበቃ ሌላው ይበልጥ ነጭ፥ ይበልጥ ለባሕር ቅርብ ሆኖ ይታየዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በጽርዕ ቋንቋ «ክሴኖስ» የሚለው ቃል ባዕድ ማለትም ነው፥ እንግዳ ማለትም ነው። ቅኔ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ኅብር ይለዋል። የእኛም «እንግዳ» እንዲሁ ነው፤ «እንግዳ መጣ» ሲባል ምጣድ ይጣዳል፥ «እንግዳ ነገር መጣ» ሲባል ግን ሰው ይጠራጠራል። ግሪኮች ሆቴልን እስከ ዛሬ «ክሴኖዶኺዮ» ይሉታል፤ እንግዳ መቀበያ ማለት ነው። ይህ ስም በጥንት ክርስቲያኖች ዘመን ድኾችና መንገደኞች ያለ ዋጋ የሚያርፉበት ቤት ስም ነበረ። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ አጠገብ ያሠራው የድኾች፥ የሕሙማንና የመንገደኞች ማረፊያ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። ስሙ ሳይለወጥ ነገሩ ተለወጠ፤ ዛሬ ክሴኖዶኺዮ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የገንዘቡን ካርድ ቍጥር ይሰጣል።

የግዕዙ ቃል ደግሞ ከጽርዑ ይልቅ ነገሩን ይገልጠዋል። መምህራን ከአንድ ግንድ፥ «ነገደ» ከሚለው ግሥ፥ ሁለቱንም ያወጣሉ። ነገደ ማለት ተጓዘ፥ ሸጠ ለወጠ ማለት ነውና ነጋዴም እንግዳም ከእርሱ ይወለዳሉ። ገና ልጅ ሳለሁ ይህን ስማር በቃሉ ብቻ ተደስቼ አለፍሁ፤ የተማሪዬ ሰሌዳ በመጣልኝ ጊዜ ግን ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቤት ውስጥ ሲጣሉ አየኋቸው። የማደሪያውን ዋጋ የከፈለ ሰው እንግዳ ነውን ወይስ ነጋዴ? እንግዳስ ከሆነ፥ ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ የቀረበት ዕዳ አለን?

ብዙ ሰዎች ለዚህ የሚመልሱት በችኰላ ነው። «የጥንቱ እንግድነት ቅዱስ ነበረ፤ ገንዘብ ገብቶ አረከሰው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ የማልስማማበትንም ምክንያት እነግራችኋለሁ።

በወጣትነቴ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ስዞር፥ ደበሎ ለብሼ አኵፋዳ አንግቼ፥ ሲመሽብኝ ከሰው ደጅ ቆሜ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፥ ያሳድሩኝ» እል ነበር። ውሻው ይጮኻል፥ ከውስጥ «ማነህ?» ይባላል፥ ቀጥሎም «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ድምፅ ይሰማል። አንድ ምሽት በደጋ አገር በብርድ ደክሜ የደረስሁባት አንዲት ሴት ከእሳቱ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ልጆቿን አስነሥታ እኔን አስተኛችኝ። እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ፤ ርቦኝ ነበርና ጠርጌ በላሁት። ሌሊት ነቅቼ ሳዳምጥ ትንሹ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለቅሳል፥ እናቱም «ነገ ጧት፥ ነገ ጧት» እያለች ታባብለዋለች። የበላሁት የማንን ራት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ጧት አመስግኜ ወጣሁ። ስሟን አልጠየቅሁም። ይህ ከሆነ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ያን ዕዳ የምከፍልበት መንገድ ግን የለኝም። በዚያች ሌሊት በመቀነቴ ጥቂት ገንዘብ ኖሮኝ ብከፍላት ኖሮ፥ ቤቷ በረከሰ ነበርን? አይመስለኝም። ልጁ በጧት ዳቦ በበላ ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ በአስተናጋጅና በእንግዳ መካከል መግባቱ ሁሉ ክፉ አይደለም። የከፈለ ሰው ሳያፍር ይተኛል፤ የተከፈለውም ሰው ከልጁ አፍ ሳይነጥቅ ይቀበላል።

ከዓመታት በፊት ከሦስት ሰዎች ጋራ ወደ ፍጥሞ የመሄድ ዕድል አግኝቼ ነበር። ስካላ በምትባለው የወደብ መንደር አንዲት ባልቴት ከቤታቸው ሁለት ክፍል ለመንገደኛ ያከራዩ ነበርና ከእርሳቸው ዘንድ አደርን። ባልቴቲቱ ገንዘቡን ተቀብለው ሁለት ጊዜ ቈጠሩት፥ በሽርጣቸውም ኪስ ከተቱት። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጓዳ ገብተው በትንሽ ሳሕን ላይ በስኳር የተቀቀለ ፍሬ በማንኪያ፥ ከእርሱም ጋራ አንዳንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረቡልን። እንግዳ ሲመጣ ይህን ማቅረብ የግሪኮች የቈየ ልማድ ነው። ገንዘቡን የቈጠሩትም ማንኪያውን ያቀረቡትም እነዚያው እጆች ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላፈረበትም።

በማግሥቱ ግን ተገሠጽሁ። ለጸሎት ስነሣ እጄንና እግሬን ስታጠብ ቧንቧውን ከፍቼ ትቼው ነበር። ባልቴቲቱ መጡና አንድ ቃል ሳይናገሩ ዘጉት፤ ከዚያም በጓሮ የዝናብ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ጕድጓድ ወስደው ክዳኑን አንሥተው አሳዩኝ። ውሃው ከታች፥ በጣም ከታች ነበረ። እኔ ለአልጋው ከፍያለሁ፤ በበጋ አንድ ጠብታ ዝናብ በማይወርድበት ዐለት ላይ የሚጠራቀመው ውሃ ግን ከመዝገቡ ውስጥ አልተጻፈም። የምለው ዕዳ ይህ ነው። ገንዘብ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ዕዳ ይዘጋል፤ በሁለቱ ስምምነት ውስጥ ያልገባውን ሦስተኛ ግን አይነካውም።

ሳንቶሪኒን ተመልከቱ። ይህች ደሴት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መካከሏን ባሕር የዋጠው፥ የቀረው ዳርቻዋም እንደ ጨረቃ ጐብጦ በገደል ላይ የቆመ ነው። በኢያ መንደር በገደሉ ፊት ለስላሳውን ዐለት ፈልፍለው የሠሯቸው ዋሻ ቤቶች ቀድሞ የድኻ መርከበኞች ቤት ነበሩ፤ የመርከብ ባለቤቶች ቤት ከላይ በሜዳው ነበረ። በ1956 ዓ.ም. በሐምሌ ታላቅ የምድር መናወጥ ሆኖ ከ50 ሰው በላይ ሞተ፥ ቤቱም ፈረሰ፥ ከሕዝቡም ብዙው ወደ አቴና ተሰደደ። የፈረሱት ዋሻዎች ኋላ ታድሰው የመንገደኛ ማደሪያ ሆኑ። ዛሬ በዓለም ከታወቁት ውድ ማደሪያዎች መካከል ናቸው፤ የድኻው መርከበኛ ዋሻ በደጁ የመዋኛ ገንዳ ተሠርቶለታል።

በደሴቲቱ የሚኖረው ሕዝብ 15,500 ያህል ነው። በ2023 ዓ.ም. የጐበኛት ሰው ግን 3.4 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበረ ተነግሯል። በታላላቅ የሽርሽር መርከቦች የሚመጣው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ ከ2025 ዓ.ም. ጀምሮ በቀን ከ8,000 እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የግሪክ መንግሥት በሳንቶሪኒና በሚኮኖስ ከእንዲህ ያለ መርከብ በሚወርድ መንገደኛ ላይ፥ ብዙ ሕዝብ በሚመጣበት ወራት፥ 20 ዩሮ ቀረጥ ጣለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆችን ሊያስተምር ወደ ደሴት የተላከ መምህር፥ ሕሙማንን ሊያክም የተመደበ ሐኪም የሚከራየው ቤት ማግኘት ይቸግረዋል። ባለቤቱ ቤቱን ለመምህር በዓመት ከሚያከራየው ለመንገደኛ በሌሊት ቢያከራየው ይበልጥ ያተርፋልና ነው። መንገደኛውና ባለቤቱ በዋጋው ተስማምተዋል፤ ማንም ማንንም አልበደለም። መምህሩን ግን ማን ጠየቀው?

የጥንት ግሪኮች እንግዳን የሚጠብቅ አምላክ አለ ብለው ያምኑ ነበርና ለዜውስ «ክሴኒዮስ» የሚል ቅጽል ሰጥተውት ነበር። ሆሜር በኦዲሴያ መጽሐፉ እንግዳን የሚበላ ባለ አንድ ዓይን ክፉ አስተናጋጅ መኖሩን ይተርካል፤ ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። ነገር ግን የመጽሐፉ ታላቁ በደል የአስተናጋጅ ሳይሆን የእንግዶች መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል። በኢታካ ደሴት ባለቤቱ በሌለበት ቤት ተቀምጠው ከብቱን እያረዱ፥ ወይኑን እየጠጡ ቤቱን የጨረሱት እነዚያ ሰዎች እንግዶች ነበሩ።

ይህን ለተማሪዬ ብጽፍለት ሁለት ነገር መለሰልኝ። «አንደኛ፥ እኔ አንድ ሰው ብቀር ምን ይለወጣል? ሁለተኛ፥ የደሴቱ ሰዎች ራሳቸው ኑ ይሉን የለምን?» አለኝ። ሁለተኛው እውነት ነው፤ እኔም ተቀብየዋለሁ። በእነዚህ ደሴቶች መሬቱ ድንጋይ፥ ዝናቡ ጥቂት ስለ ሆነ የአያቶቻቸው ልጆች ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራልያ ሲሰደዱ ኖረዋል፤ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ ጋራ ያቈየው የእንግዳ ገንዘብ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ተቀምጬ ለፍጥሞዋ ባልቴት ክፍልዎን አያከራዩ ልላቸው አልችልም። የመጀመሪያው ቃል ግን ከሦስቱ ሚሊዮን እያንዳንዱ የሚለው ነው። በጕድጓዱ ውሃ ላይም እንዲሁ ይባላል፤ የእኔ አንድ ማሰሮ ምን ያጐድላል እየተባለ ጕድጓዱ ይደርቃል።

ደግሞ ሌላ ነገር ላስገባ፤ ከሚኮኖስ በታንኳ ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ ዴሎስ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የአቴና ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ426 ዓመት ደሴቲቱን ቅድስት ናት ብለው የሙታንን ዐፅም አወጡ፥ በእርሷም ላይ ማንም እንዳይወለድና እንዳይሞት ደነገጉ፤ የምትወልድም የሚሞትም ወደ አጠገቧ ደሴት ይወሰድ ነበር። ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል በኋላ ግን ይህችው ቅድስት ደሴት በሮማውያን ዘመን ቀረጥ የማይከፈልባት ታላቅ ገበያ ሆነች፤ ስትራቦን እንደሚለው በአንድ ቀን ዐሥር ሺሕ ባሪያ ተቀብላ የምትሸኝ ነበረች። ለመወለድና ለመሞት ያልተፈቀደባት ምድር ሰውን ለመሸጥ ተፈቀደባት። ዛሬ ፍርስራሿ በጥበቃ ሥር ሲሆን ጐብኚ ሁሉ ከመምሸቱ በፊት እንዲወጣ ታዟል፤ ማደር አይፈቀድም። እንግድነት ሁሉ ከውስጧ ወጥቶ ንግድ ብቻ የቀረባት ምድር ነበረች፤ አሁን ደግሞ ሁለቱም የሉም። ተማሪዬ ሚኮኖስን እንዳይሰርዝ የለመነኝ ዴሎስን ለማየት ብሎ ነበርና በዚህ ብቻ ልቤ ወደ እርሱ አዘነበለ፤ ሆኖም እናቱን አስቤ ጸናሁ።

እነሆ የመከርሁት ይህ ነው። ሰባቱ ሦስት ይሁኑ፥ ሦስቱም ከአንድ ወገን። ፍጥሞ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትምና ወደ አቴና በአውሮፕላን፥ ከፒሬዎስ ወደ ፍጥሞ በትልቁ መርከብ ይሂዱ፤ ቀርፋፋ ነው፥ ግን ነፋስ ይችላል፥ እናቱም ጋደም ይሉበታል። በፍጥሞ አምስት ሌሊት ይደሩ። ከዚያ በአጠገቧ ወዳለችው ወደ ትንሿ ሊፕሲ፥ ኋላም ወደ ቆስ ወርደው ከቆስ በአውሮፕላን ይመለሱ፤ እንዲህ ሲሆን ያለፉበትን ባሕር ሁለተኛ አያቋርጡም። ሦስት ሌሊት በአንድ ቤት ያደረ ሰው አንድ ጊዜ አንሶላ ያሳጥባል፤ ሦስቱን ሌሊት በሦስት ቤት ያደረ ግን ሦስት ጊዜ። በውሃ ለተቸገረ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞም ሁለተኛው ቀን ላይ ዳቦ ጋጋሪው ያውቅሃል፥ ሦስተኛው ቀን ላይ የመንደሩ ውሻ አይጮኽብህም።

ስለ ቤቱ፥ ባለቤቱ በዚያው ደሴት የሚኖር እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሥዕሉን ከማየት ይልቅ ይህን መጠየቅ ይበልጣል፤ ቁልፉን ከግድግዳ ሣጥን በቍጥር አውጥቶ የሚገባበትና የማንንም ፊት ሳያይ የሚወጣበት ቤት ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ለእናቱ አይሆንም። በፍጥሞ ካሉት መንደሮች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ከተራራው ላይ፥ ክሪስቶዱሎስ የተባለው መነኵሴ በ1088 ዓ.ም. የመሠረተውን፥ እንደ ምሽግ የታጠረውን የቅዱስ ዮሐንስን ገዳም ከብቦ የተሠራው ኾራ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያምራል፥ ጸጥታም አለው፥ መንገዱ ግን ዳገትና ደረጃ ነው። ሁለተኛው ከታች ያለው ስካላ ነው። የራእዩ ዋሻ በሁለቱ መካከል ነው፤ ወደ ውስጡም የሚገባው ብዙ ደረጃ በመውረድ ነው። እናቱ ጕልበታቸውን ለዚያ ደረጃ ይቈጥቡ ዘንድ ከታች ይደሩ አልሁ። ውበቱን ከታች ቀና ብለው ያዩታል።

ወራቱም መስከረም መሆኑ መልካም ነው፤ በነሐሴ አጋማሽ ግሪኮች የእመቤታችንን የዕረፍት በዓል በ15 ሲያከብሩ ደሴቶቹ ይጨናነቃሉ፤ በቲኖስ በ1823 ዓ.ም. የተገኘችውን ሥዕለ ማርያም ለመሳለም የሚመጣው ሕዝብ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጕልበቱ እየዳኸ ሲወጣ፥ ማደሪያ ያጣውም በግቢው ያድራል። ያን ያየ ሰው ማደሪያ መምረጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላ ነገር ያስባል፤ ዛሬ ግን ወደዚያ አልገባም።

ተማሪዬ ምክሬን ተቀበለ። ሳንቶሪኒን ሲሰርዝ እጁ እንደ ከበደው ጻፈልኝ፤ ለእናቱ ሊያሳይ የፈለገው ከሁሉ በላይ እርሱን ነበርና። እናቱ ግን ስለ ቀሩት ደሴቶች ምንም አልጠየቁም። የጠየቁት የቤቲቱ እመቤት ልጆች እንዳሏትና ቡና ትጠጣ እንደ ሆነ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ከደብረ ማርቆስ ይዘው እንደሚመጡም ነገሩት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ከፒሬዎስ የሚነሣው መርከብ ፍጥሞ የሚደርሰው ሌሊት ነው። ልጁ ለቤቲቱ ባለቤት ጽፎ ተነሥታ በሩን እንድትከፍትላቸው ጠየቃት፤ እርሷም እሺ ብላለች። እናቱ ይህን በስልክ ሲሰሙ ተቈጡ። «በሰው አገር በመንፈቀ ሌሊት ሴትን ከእንቅልፏ ማስነሣት ምን ማለት ነው? እስኪነጋ ከወደቡ እንቀመጣለን» አሉ። «እማዬ፥ ከፍለናል እኮ» ቢላቸው፥ «የከፈልከው ለአልጋው ነው፤ ለእንቅልፏም ከፍለሃል?» ብለው መለሱለት። ልጁም የኔታ ይፍረዱን ብሎ ነገሩን ወደ እኔ ላከው።

እኔም አንድ ቀን ቈይቼ፥ በወደቡ አጠገብ እስከ ሌሊት የሚከፈት ቡና ቤት ይኖር እንደ ሆነ ጠይቅ ብዬ ጻፍሁለት። መልሱን እጠብቃለሁ።